ብረቱን ከመግዛትህ በፊት ልኩን እወቅ

ልጄ፣ የቱርቦ መኪናህን ሞተር አውርደህ እዚያው ቤትህ ጋራዥ ውስጥ ጠንከር ባለ ዕቃ ልትገጥመው እንዳሰብክ ነገርከኝ። ሐሳብህን አልነቅፍም። ሰው የሚነዳውን ነገር ውስጡን ማወቁ ክብር ነው፤ እጁ ዘይት የነካ ወጣት ሳይ ደስ ይለኛል። ነገር ግን አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ዕቃ ከማዘዝህ በፊት ይህን አድምጠኝ።

መኪናህ ሱባሩ ኤስቲአይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2004 እስከ 2021 ሞዴል ድረስ የተሸጠው ኤስቲአይ ኢጄ257 የሚባለውን ሞተር ይዞ ነው። 2.5 ሊትር ነው፤ አራቱ ፒስተኖች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተኝተው ይሠራሉ። የሲሊንደሩ ስፋት 99.5 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምት 79 ሚሊሜትር ነው። ደግ ሞተር ነው፤ ግን የታወቀ ድካም አለበት። የፋብሪካው ፒስተን ሲሊከን ከበዛበት አሉሚኒየም በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ነው። ሲሞቅ ብዙ አይሰፋም፣ አይጮህም፣ ቶሎ አይበላም። ቤንዚኑ ያለጊዜው ሲፈነዳ የሚያርፍበትን ምት ግን አይችልም፤ በፋሻዎቹ መካከል ያለው ጠርዝ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ መኪናው ዘይት ይበላል፣ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፣ የአንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ከሌሎቹ ይወርዳል።

ታዲያ «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ነውና ፒስተንህ ተሰብሮ ከሆነ መጀመሪያ ምን እንደሰበረው ፈልግ። ኦክቴኑ ዝቅ ያለ ቤንዚን ነው? የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ነው? የተዘጋ ኢንጀክተር ነው? ወይስ አንዱ ወዳጅህ ኮምፒውተሩን ከልክ በላይ አስጨንቆት ነው? ይህን ሳታውቅ ውድ ፒስተን ብትገጥም «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» ይሆናል። ጥፋቱ የነዳጁ ሆኖ ሳለ ፒስተኑን ትወቅሳለህ፤ አዲሱም ጥቂት ቆይቶ የፊተኛውን ዕጣ ያገኛል። የመታው ብሮንዚን ከሆነ ደግሞ ምርመራህን ከዘይቱ ጀምር። በዚህ ሞተር ላይ ከካርተሩ ዘይት የሚስበው የፋብሪካ ቱቦ በብየዳው ላይ የመሰንጠቅ ታሪክ አለው። ቱቦው ሲሰነጠቅ ፓምፑ ከዘይት ጋር አየር ይስባል፣ ብሮንዚኑም ይደርቃል። ከብሮንዚን የተፋቀው ብረት ዘይት ማቀዝቀዣው ውስጥና ወደ ቱርቦው በሚሄደው ቀጭን መስመር ውስጥ ይቀራል። ማቀዝቀዣውን ለውጥ እንጂ አጥበህ አትመልሰው፤ የቀረው ብናኝ አዲሱን ሥራህን በመጀመሪያው ቀን ይበላዋል።

ሞተርህ ጤነኛ ከሆነ፣ ጉልበቱም ከበቃህ፣ ለስሙ ብለህ አትክፈተው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ሰውን ሲያከስር ብዙ አይቻለሁ።

መክፈትህ ካልቀረ የዕቃውን ጠባይ እወቅ። ፎርጅድ የሚባለው ፒስተን በከባድ ግፊት ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው። ሁለት ዓይነት አሉሚኒየም በብዛት ታገኛለህ። 4032 የሚባለው 12 በመቶ ገደማ ሲሊከን አለበት፤ ሲሞቅ የሚሰፋው ያነሰ ስለሆነ ጠበቅ ተደርጎ ይገጠማል፣ ለየቀኑ መንገድም ይመቻል። 2618 የሚባለው ሲሊከኑ ከምንም አይቆጠርም። ምት ሲያርፍበት ከመሰንጠቅ ይልቅ ይታገሣል፤ ግን ብዙ ስለሚሰፋ ሰፋ ያለ ክፍተት ይፈልጋል፣ ጠዋትም እስኪሞቅ ድረስ ያንኳኳል። ይህን የመረጠ ሰው ሞተሩ ሳይሞቅ ነዳጅ አይረግጥም። ትዕግሥት ከሌለህ 2618 ያንተ ዕቃ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ጠንካራ ዕቃ ዕድል ይሰጥሃል፤ ሞተሩን የሚያጸናው ግን ልክ ነው። ፒስተኑ ከካርቶኑ ሲወጣ «ይገጥማል» ብለህ አትመን። ብሎኩን ለቶርኖ ቤት ስትሰጥ ፒስተኖቹንም አብረህ ስጥ፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር በገዛ ፒስተኑ ልክ ይወለወል። ሲወለወልም ቴስታታው የታሰረ ያህል የሚያስጨንቅ ወፍራም ሳህን በቡሎን ታስሮበት ይሁን። ቡሎን ሲጠብቅ የሲሊንደሩ ክብነት ይዛባል፤ ያለዚያ ሳህን የተወለወለ ሲሊንደር ቴስታታው ሲታሰር ሌላ ቅርጽ ይይዛል። ይህ መሣሪያ የሌለው ቶርኖ ቤት ሌላውን ሥራ ቢችል እንኳ የቱርቦ ብሎክህን አትስጠው።

ፋሻውን በራስህ እጅ ለካ። ፋሻውን ሊሠራበት ካለው ሲሊንደር ውስጥ አስገባው፣ በፒስተኑ አናት ገፋ አድርገህ አስተካክለው፣ ከዚያ በጫፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በስሱ የብረት መለኪያ ፈትሽ። ለጠንካራ የቱርቦ ሞተር በተለምዶ የላይኛው ፋሻ ክፍተት የሲሊንደሩ ስፋት በ0.0055 ገደማ ተባዝቶ ይገኛል፤ ላንተ 0.55 ሚሊሜትር አካባቢ መሆኑ ነው። የፋሻው አምራች በወረቀቱ ሌላ ቁጥር ከሰጠ የእሱን ያዝ። ክፍተቱ ከጠበበ ፋሻው በሙቀት ሲሰፋ ጫፎቹ ይጋጠማሉ፤ ሲሊንደሩን ይቧጥጣሉ፣ ፎርጅድ ያልከውንም ፒስተን ይሰብራሉ። ስለዚህ ጫፉን ጥቂት ጥቂት ሞርድ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ብቻ፤ በየመሃሉም መልሰህ ለካ። የየትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ጽፈህ ለየብቻ አስቀምጥ።

ብሮንዚኑም እንዲሁ ነው። ቢየላው የሚያርፍበት የክራንክ ሻፍት አንገት 52 ሚሊሜትር ነው፤ የዘይቱ ክፍተት 0.05 ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል። ይህ በዓይን አይታይም፣ በጣትም አይገመትም። ማይክሮሜትር ከሌለህ ተከራይ ወይም አስለካ። የቢየላ ቡሎንም ሲጠብቅ መሳቡ በመለኪያ ይታይ፤ የቡሎኑ አምራች የሰጠውን ቅባት ትተህ ተራ ዘይት ብትቀባው የቁልፉ ቁጥር ይዋሽሃል።

ገጠማው ላይ አትቸኩል፤ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች»። በዚህ ሞተር ሁለቱ የብሎክ ግማሾች ክራንክ ሻፍቱን ይዘው ከተዘጉ በኋላ ነው ፒስተኑ የሚገባው፤ የፒስተኑ ፒንም በብሎኩ ጎን ባለች ቀዳዳ ገብቶ ቢየላውን ያገኛል። ፒኑን የሚይዘው ትንሽ የሽቦ ቀለበት ቦታው ላይ መቀመጡን በዓይንህ አይተህ፣ በመሣሪያ ጫፍ ነካክተህ አረጋግጥ። ከቦታው የወጣ ቀለበት ሲሊንደሩን ይጨርሳል፤ ውስጥ የወደቀ ደግሞ ብሎኩን እንደገና ያስከፍትሃል። ግማሾቹን የሚያጣብቀውን ማስቲሽም አታብዛው፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ይወድቅና የዘይቱን መሳቢያ ይዘጋል።

ስትጨርስ ቶሎ ላስነሳ አትበል። ነዳጁንና እሳቱን ዘግተህ የዘይት ግፊት እስኪመጣ በሞተሪኖ አዙረው። ከዚያም ለአዲሱ ሞተር የተሰናዳ የኮምፒውተር ልክ ይዞ ይነሣ፤ የድሮው ልክ ለአዲሱ ዕቃ አይሆንም። መጀመሪያ ግፊቱን ዝቅ አድርገህ፣ ጭነት እየሰጠኸውና እየለቀቅከው ንዳው፤ ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር የሚላመደው በዚህ ነው። የመጀመሪያውን ዘይት ቶሎ አፍስስ፤ ፊልትሩንም ቆርጠህ ወረቀቱን ዘርጋና ተመልከት። ጥቂት ደቃቅ ብናኝ የመላመድ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ካየህ ግን አቁም።

ግፊቱን እየጨመርክ ስትሄድ «ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ» የተባለውን አትርሳ። ፒስተንና ቢየላ ጠነከሩ ማለት ብሎኩ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማርሹ፣ ፍሬኑ ጠነከሩ ማለት አይደለም። የምትኖርበት አሜሪካም ሕግ አለው፤ የጭስ ማጣሪያውን ነቅሎ መጣል በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፣ የምትኖርባት ሰሜን ቨርጂኒያም ጭሱን ትመረምራለች።

ጋራዥህ ከቤትህ ጋር የተያያዘ ነው። ቤንዚን ክፍት አታስቀምጥ፤ የጋዝ ውሃ ማሞቂያው እዚያው ይነድዳል። ሞተሩን በር ዘግተህ አታስነሳ፤ ጭሱ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። በጃክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አትግባ።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል፤ አንተ ግን ከመከራ በፊት የምትሰማ ልጅ ነህ። እንግዲህ ማይክሮሜትሩን ከፒስተኑ አስቀድመህ ግዛ። የለካኸውን ሁሉ በደብተር ጻፍ፤ ቁጥሩ አልገጥም ካለህ ዕቃውን መልሰህ ላክ እንጂ «ይሁን» ብለህ አትግጠም።