የአባይ ልጅ በቤዝመንት

ልጄ፣ ትናንት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ሲጮህ አገር ቤት ሰው የሞተ መስሎኝ ነው ብድግ ያልኩት። «ጋሼ፣ እሳቱ ጠፋብኝ» ስትለኝ መጀመሪያ ተመስገን አልኩ፤ ቀጥዬ ተናደድኩ። ቤዝመንትህ ውስጥ ሦስት ቶን የድንጋይ ከሰል ተከምሮ፣ ባለቤትህና ሕፃኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ይንቀጠቀጣሉ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄው ነው። በስልክ የነገርኩህ ሌሊቱን ማሳለፊያ ያህል ነበር። ዛሬ ግን ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፍልህ፤ ብርዱ ገና አልሄደም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ደብቀኸኛል። እሳቱ መዳከም የጀመረው ከትናንት ወዲያ ማታ እንደሆነ ባለቤትህ ነግራኛለች። አንተ «ጋሼን አላስቸግርም» ብለህ ሌሊቱን በመቆስቆሻ ስትወጋው አደርክ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለሚነድ ቤት ብቻ እንዳይመስልህ፤ እየጠፋ ላለ እሳትም ይሠራል። የዚያኑ ማታ ብትደውል ኖሮ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ጥፋቱ የእጅህ ነው። ግን እጅህን አልወቅሰውም፤ እናትህ ጓዳ የተማረ እጅ ነው። እኛ አገር የእንጨት ከሰል ይራገባል፣ ይገላበጣል፣ አመዱ ከላይ እፍ ይባልና ፍሙ ይቀላል። የዚህ የፔንሲልቬንያ አንትራሳይት ግን ሌላ ፍጥረት ነው። አብዛኛው ካርቦን የሆነ ጠንካራ ድንጋይ ነው፤ እንደ እንጨት በቶሎ የሚነድ ጋዝ የለውም ማለት ይቻላል። አየር የሚፈልገው ከሥር፣ በፍርግርጉ በኩል ነው። ከላይ ስትቆሰቁሰው አመዱ ወደ ፍሙ መሀል ይወርድና ይቀላቀላል፤ አየሩ የሚወጣበት ቀዳዳ ሁሉ ይደፈናል። አመዱ ከፍሙ ገብቶ ሲግል ደግሞ ይቀልጥና ይጣበቃል። «ጥቁር ጠርሙስ የመሰለ ድንጋይ ፍርግርጉ ላይ ተጋግሯል» ያልከኝ እሱ ነው፤ እዚህ ክሊንከር ይሉታል። አንተው የጋገርከው ነው።

ደግሞ አትፈር፤ ባለአገሮቹም ተቸግረውበታል። ይህ ከሰል ያለ ወናፍ አይነድም ተብሎ ለብዙ ጊዜ ተንቆ ነበር። በፈረንጆቹ የካቲት 1808፣ እዚሁ ዊልክስ ባሪ ውስጥ ጄሲ ፌል የሚባል ሰው በመጠጥ ቤቱ የእሳት ማንደጃ ላይ የብረት ፍርግርግ አስቀምጦ፣ አየሩ ከሥር እንዲገባ አድርጎ አነደደው። ሌላም ይተረካል። ከዚያ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ፊላዴልፊያ አጠገብ የጆሳያ ዋይትና የኧርስኪን ሃዛርድ የሽቦ ፋብሪካ ሠራተኞች ሌሊቱን ሙሉ ይህንን ከሰል ሲቆሰቁሱት አድረው እምቢ ይላቸዋል። ተስፋ ቆርጠው የእቶኑን በር ዘግተው ይሄዳሉ። አንዱ ጃኬቱን ረስቶ ሲመለስ በሩ ራሱ እንደ ፍም ቀልቶ አገኘው። ሌሊቱን ሙሉ የጎደለው የእነሱ አለመኖር ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉሃል፤ እነዚህ እንኳ ለቀሙ፣ አንተ ግን ገና እያፈሰስክ ነው።

እንግዲህ እሳት ሲደክም መጀመሪያ የምታየው አመዱን ነው። ከሰሉን በኋላ ታየዋለህ። «እሳት አመድ ይወልዳል» ስንል ለሰነፍ ልጅ ነው የምንተርተው፤ ምድጃህ ውስጥ ግን ልጅየው አባቱን ይገድለዋል። ከታች ያለው የአመድ መሳቢያ ሞልቶ ፍርግርጉን ከነካ አየር መግቢያ የለውም። ከዚያ የባሰም አለ፤ ፍርግርጉን ከሥር የሚያቀዘቅዘው ያው የሚገባው አየር ነው፤ እሱ ሲቀር ብረቱ ግሎ ይጣመማል። የተጣመመ ፍርግርግ በጥር ወር መለወጥ ምን ማለት እንደሆነ እኔን ጠይቀኝ። አይ፣ አትጠይቀኝ።

አመዱን ከደፋህ በኋላ ማንቀጥቀጫውን እጀታ ያዝና አጭር አጭር አድርገህ ቶሎ ቶሎ ነቅንቀው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ቢባልም ይሄን ነቅንቀው ግድ የለም። ዓይንህ ግን ከታች፣ ከአመድ መሳቢያው አይነሳ። መጀመሪያ ግራጫ አመድ ይወርዳል። ቀጥሎ መሳቢያው ውስጥ የቀይ ብርሃን ነጸብራቅ ይታይሃል፣ አንድ ሁለት ፍም ጠብ ይላል። እዚያ ላይ አቁም። ከዚያ በላይ ከነቀነቅህ የምትጥለው እሳቱን ራሱን ነው። በእንዲህ ያለ ብርድ ጠዋትና ማታ ሁለት ጊዜ ይበቃል።

ይህ ጤነኛ ለሆነ እሳት ነው። ሊሞት የደረሰውን ግን እንዳትነቀንቀው። ደካማ በሽተኛ አይናጥም። የታችኛውን የአየር በር ክፈት፣ የላይኛውን ዝጋ፣ ደረቅ ስንጥር እንጨት ከላይ አድርግለትና ተወው። እንጨቱ ሲነድ ጥቂት ከሰል በትን፤ እሱ ሲይዝ ሌላ ጨምር። መነቅነቅ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ክሊንከር ከጋገርክ ግን አታስታም፤ ሁሉንም አውጥተህ ከሀ ጀምር። ትናንት ያስደረግሁህም ይህንኑ ነው።

ሲጨምሩ መሰሰት ደግሞ የኛ ሰው በሽታ ነው። ሦስት ቶን አለህ፤ አንተ ግን እንደ ሲኒ ቡና ማፍያ አንድ አካፋ ጣል አድርገህ ትሄዳለህ። አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም፤ አንትራሳይትማ ጨርሶ። አንዷን ፍም ከጓደኞቿ ነጥለህ መሬት ብታስቀምጣት ትንሽ ቆይታ ትጠቁራለች። አልጋው ጥልቅ መሆን አለበት፤ ዙሪያውን የተደረደረው የሸክላ ጡብ ጫፍ ድረስ ሙላው። ስትሞላው ግን አንድ ጥግ ላይ ቀዩን ፍም ሳትሸፍን ተው። አዲሱ ከሰል ሲሞቅ ጋዝ ይወጣዋል፤ የሚያቀጣጥለው ነበልባል ካላገኘ ተጠራቅሞ ቆይቶ በአንዴ ቡፍ ብሎ በሩን ይወረውረዋል። ጥጉ ላይ ሰማያዊ ነበልባሎች ሲጨፍሩ ካየህ ደግ ነው፤ የዕድሜ ልክ ጠላትህ እዚያው ምድጃው ውስጥ እየተቃጠለልህ ነው።

ስለዚህ ጠላት ትንሽ ልቆይ። እሳት በሌለበት ጭስ የለም ይባላል። አንትራሳይት ተረቱን ገልብጦታል፤ ጭስ ሳይኖረው፣ ሽታ ሳይኖረው የሚገድል ነገር አለው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ። በፈረንጆቹ ጥር 1994 የግዛቲቱ ዋና ከተማ ሃሪስበርግ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴልሺየስ የደረሰበት ብርድ መጣ። እኔ ቤት ከሰሉ እያለቀ ነበር። ላቆይበት ብዬ የታችኛውን አየር ዘጋሁ፣ የጭስ ቱቦውን መዝጊያ ዳምፐሩንም ጠረቀምኩት፤ ለመቆጠብ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ። ሌሊት ራሴ ሊፈነዳ ሲል ነቃሁ፤ ባለቤቴ ታስመልሳለች። ጉንፋን መስሎን ነበር። በሩ ላይ የደረሰው ጎረቤቴ፣ በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የኖረ ሽማግሌ፣ ፊታችንን አይቶ አንድ ቃል ሳይናገር እጃችንን ይዞ በበረዶው ላይ አወጣን። መስኮቱን የከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

አገር ቤት «ከሰል መታው» ሲባል ወተት ያጠጡ ነበር፣ ሎሚ ያሸትቱ ነበር። እዚህም እዚያም አይሠራም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝ ቤተሰቡን አንድ ላይ ከያዘው ሕፃኑን አንስተህ መጀመሪያ ውጣ፤ 911 የምትደውለው ደጅ ቆመህ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ መሣሪያውን ደግሞ ቤዝመንት ብቻ አትስቀል፣ መኝታ ቤቱ አጠገብም ይኑር። ባትሪውን አውጥተህ ለሪሞት ኮንትሮል እንዳትወስደው! አውቅሃለሁ።

ሰው የማያስበውን ደግሞ ልንገርህ። አደጋው በብርዱ ማግስት ይብሳል። ውጪው በጣም ሲቀዘቅዝና ጭስ ማውጫው ሲሞቅ ጋዙ በኃይል ወደ ላይ ይሳባል። ሐሙስ ዝናብ መጥቶ ሙቀቱ ሲመለስ፣ አንተም «ሞቀን» ብለህ እሳቱን ስታሳንሰው፣ ያ ስበት ይደክማል፤ ጋዙም ወደ ቤት ይመለሳል። በዚያ ቀን እሳቱን አለቅጥ አታፍነው፤ ቤቱ ከሞቀ መስኮት ክፈት።

ከምድጃው ወደ ጭስ ማውጫው የሚሄደው አግዳሚ ቱቦም አለ። ውስጡ ዱቄት የመሰለ አመድ ይተኛበታል። ቤቱን የሸጠልህ ሰው «ተጠርጓል» ብሎሃል፤ እኔ ግን ባለፈው ስመጣ በጣቴ ባንኳኳው ድፍን ነው ድምፁ። ይህንን ለብቻህ አትንካው።

የምትደፋውን አመድ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ አድርገህ ከቤቱ ራቅ አድርገህ አስቀምጠው፤ በእንጨቱ በረንዳ ላይ ግን በፍጹም። የሞተ የሚመስል አመድ ውስጡ ፍም ይዞ ቀናት ይቆያል። ከኛ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሴንትራሊያ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። በ1962 የቆሻሻ መጣያ ላይ ከተለኮሰ እሳት ነው ይባላል፣ ከመሬት በታች ያለው ከሰል ተያይዞ እስከ ዛሬ ይነዳል፤ አብዛኛው ሰው ተነስቶ ሄዷል። አንተ ቤዝመንት ውስጥ በክብሪትና በልመና አልይዝ ያለህ ከሰል፣ እዚያ ማጥፋት አልተቻለም።

ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት የቱቦውን ብሩሽና የአመድ መጥረጊያ ይዤ እመጣለሁ። መቆስቆሻህን ወስጄ እደብቅብሃለሁ፤ በእሱ ፋንታ የምሰጥህ መጥረጊያውን ነው፤ አትቀየም። እስከዚያ እሳቱን ማታ ከሞላህ በኋላ የታችኛውን አየር ትንሽ ክፍት አድርገህ፣ ሰማያዊው ነበልባል እስኪነሳ አጠገቡ ወንበር ይዘህ ተቀመጥ። በሩን ከፍተህ አትቆስቁስ፣ አታራግብ፣ እፍም አትበል። ለባለቤትህም ንገራት፣ ቅዳሜ ቡናው ይፈላልኛል። ጀበናው ግን በኤሌክትሪኩ ምድጃ ላይ ይሁን፤ በከሰል ካላፈላሁ አይጥመኝም ካለች ብርዱ እስኪያልፍ እኔ ውሃ እጠጣለሁ።