ሲላላ «አለ»፣ ሲጠብቅ «አለ»

አማርኛ ውስጥ ለዜና አንባቢ የተቀመጠች ወጥመድ አለች፤ «አለ» ትባላለች። ላልታ ስትነበብ «ተናገረ» ማለት ነው። ጠብቃ ስትነበብ ደግሞ «ይገኛል» ማለት ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ማይክ ፊት የተቀመጠ ሰው ግን የግድ አንዱን መምረጥ አለበት። «ውሃ አለ» ብሎ የሚያነብ ተማሪ ወይ የሌላ ሰው ንግግር እያስተላለፈ ነው፣ ወይ ውሃ መኖሩን ራሱ እየመሰከረ ነው።

ግቢ ሳለሁ ኢንጂነሪንግ እየተማርኩ በትርፍ ጊዜዬ የተማሪዎች ሬዲዮ ላይ እሠራ ነበር። ሥልጠናው ሲጀመር ሁላችንም የመጣነው ድምፃችንን ለማሳመር ነው። ከማይክ ምን ያህል መራቅ እንዳለብን፣ «ፐ» እና «በ» እንዳይፈነዱ ማይኩን ወደ ጎን ማዘንበል፣ ስክሪፕቱን ቀድሞ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ማስመር። እነዚህ በጥቂት ሳምንት ይለመዳሉ። የማይለመደው ጥያቄ ሌላ ነው፦ እኔ ያልጻፍኩትን ዜና በእኔ ድምፅ ሳነብ ተጠያቂው ማነው?

ቀላሉ መልስ «እኔ አንባቢ ነኝ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም» የሚለው ነው። የሶፍትዌር ሰው ስለሆንኩ ይሄ መልስ ይገባኛል። ከአንዱ ሰርቨር ተቀብሎ ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ ፕሮግራም ስለ መልእክቱ እውነትነት አይጠየቅም፤ ሥራው ሳይጨምር ሳይቀንስ ማድረስ ነው። ታዲያ ዜና አንባቢስ ለምን እንዲሁ አይሆንም?

የማይሆነው፣ ድምፅ በሚያስተላልፈው ነገር ላይ የራሱን ተአማኒነት ስለሚጨምር ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1938 ኦርሰን ዌልስ የተባለ የ23 ዓመት ወጣት በአሜሪካው ሲቢኤስ ሬዲዮ ስለ ማርስ ፍጡራን ወረራ ድራማ አቀረበ። ገና ሲጀመር ድራማ መሆኑ ተነግሯል። ግን ብዙው ክፍል በሰበር ዜና መልክ የተሠራ ስለነበር፣ ካዳመጡት ሰዎች አንዳንዶቹ እውነት መሰላቸው። የድንጋጤውን መጠን ጋዜጦች አጋንነውታል። ያም ሆኖ ነጥቡ አይጠፋም፤ ሰዎቹን ያሳመናቸው ማስረጃ ሳይሆን የዜና ቃና ነው።

ወደ ግቢያችን እንመለስ። እንበልና ዶርም ውስጥ ውሃ ከጠፋ አራት ቀን ሆኖታል። አንድ ጽሕፈት ቤት «ችግሩ ተፈቷል» የሚል ወረቀት ላከ። እንዳለ ማንበብ ይቻላል። «ችግሩ ተፈቷል ሲል ጽሕፈት ቤቱ ገለጸ» ማለትም ይቻላል። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ግን ሦስተኛው ነው፦ «ችግሩ መፈታቱ ተገለጸ።» ማን ገለጸ? «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተባለ» ተናጋሪውን የሚሰውሩ ግሶች ናቸው። ሰዋስዋቸው ትክክል ነው፣ ቃናቸውም ጨዋ ነው። ነገር ግን ላልቶ መነበብ የነበረበትን «አለ» ቀስ ብለው ያጠብቁታል። ጀሪካን ይዞ የተሰለፈው ተማሪ ይህን ሲሰማ የሚታዘበው ጽሕፈት ቤቱን ብቻ አይደለም፤ ያነበበውንም ልጅ ነው።

ኤዲቲንግ ላይ ሲደረስ ጥያቄው ይከብዳል። በኦዳሲቲ የተቀዳ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ 44,100 ቁጥር ነው፤ ስክሪን ላይ ሞገድ ሆኖ ይታያል። ዝምታ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ቀጥ ያለ መስመር ባዶ ስለሚመስል እጅ ለመቁረጥ ይቸኩላል። አንዲት ፍሬሽ ተማሪ «ግቢውን ለመድሽው?» ተብላ አምስት ሴኮንድ ዝም ካለች በኋላ «አዎ» ብትል፣ ዝምታውን የቆረጠ ሰው አንድም ቃል አልጨመረም፣ አንድም ቃል አልቀነሰም። መልሷን ግን ለውጦታል።

«ታዲያ ምንም አይቆረጥ?» የሚል ይኖራል። ኧረ ይቆረጣል! የ40 ደቂቃ ቃለ ምልልስ 5 ደቂቃ ውስጥ መግባት ካለበት መቁረጥ ግዴታ ነው፤ ሳል ማውጣትም ተናጋሪውን ማክበር ነው። እኔ የምለው፣ ከመቁረጥ በፊት ሁለት ሰዎችን በሐሳብ አጠገባችን እናስቀምጥ ነው። ተናጋሪው ይህን ቢሰማ «አዎ፣ ያልኩት ይሄንኑ ነው» ይላል? አድማጩስ የቆረጥነውን ቢሰማ ፍርዱን ይቀይራል? የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም፤ መልስ ያጣ ኃላፊ መንተባተቡ ቢቆረጥለት ደስታውን አይችለውም። ሁለተኛውም ብቻውን አይበቃም፤ የሰውን ገመና እንኳ አድማጭ ፍርዱን ሊቀይርበት ይችላልና።

«የተማሪ ሬዲዮ እኮ መለማመጃ ነው፣ ምን ችግር አለው?» ይባላል። እኔ በተቃራኒው ነው የማስበው። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የማኅበረሰብ ብሮድካስትን ከንግዱ ለይቶ ያስቀምጠዋል፤ እንደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ኤፍ ኤም 99.4 ያሉ ጣቢያዎች ከማስታወቂያ ገበያው ይልቅ ለአካባቢያቸው ሰው ነው የቆሙት። አድማጩ ካፌ ውስጥ ከፊትህ የተሰለፈው ልጅ ነው። እንዲህ ቅርብ የሆነን ሰው ማሳሳት የለመደ፣ ነገ የማያየውን ሚሊዮን አድማጭ ለማሳሳት ምን ያግደዋል?

ካፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ሶፍትዌር ላይ ስህተት ከተገኘ አዲስ ቨርዥን ይለቀቃል። ማስተካከያ ዜና ግን የመጀመሪያውን የሰማ ሰው ሁሉ ጋ አይደርስም። ስለዚህ ስክሪፕት ላይ ለትንፋሽ ከምናሰምረው መስመር ጎን፣ እያንዳንዷ «አለ» ላይ የማን እንደሆነች ብንጽፍ ጥሩ ነው። ማጥበቅ የፈለገ መጀመሪያ ሄዶ ቧንቧውን ይክፈት።