ዝናቡ ለማን ይዝነብ?



የአዳር ወር የመጨረሻው ሳምንት በእኛ በኩል፣ በቂርያት ጋትና በአካባቢዋ፣ ሰማዩ አንድ ቀን እንኳ በሐሳቡ ሳይጸና አለፈ። እሑድ ሐምሲን ነበር፤ እኩለ ቀን ሳይደርስ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ወጣ። የክረምት ልብሳችንን አጥበን ያስቀመጥን ሰዎች ደግ አደረግን አልን። ሰኞ አቧራው ፀሐይዋን እንደ ጨረቃ አደበዘዛት። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከባሕር በኩል ዞረና ወዲያው ብርድ ሆነ፤ የጣለውም ዝናብ ከአቧራው ጋር ተቀላቅሎ በመኪናውም በተሰጣው ልብስም ላይ ጭቃ ሆኖ ወረደ። ረቡዕ ፀሐይ ነበር፣ ግን የማያሞቅ ፀሐይ። ሐሙስ ነጎድጓድና በረዶ መጣ።

በጸደይ ወራት በሰሜን አፍሪካ ጠረፍ በኩል የሚያልፍ ዝቅተኛ የአየር ግፊት ከፊቱ የበረሃውን ሙቀት እየሳበ ይመጣል፤ ካለፈ በኋላ ደግሞ ቀዝቃዛ የባሕር አየር ይከተለዋል። ስለዚህ ነው ሙቀቱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ10 ዲግሪ በላይ ሊወርድ የሚችለው። በጎንደር ያደግን ሰዎች ይህን ለመልመድ ብዙ ዓመት ፈጅቶብናል። እዚያ ክረምቱ በሰኔ ይገባል፣ በመስከረም ይወጣል፤ በመካከሉ የበልግ ዝናብ ሳይጠሩት ብቅ ቢልም እንደዚህ በየቀኑ አያታልልም።

በዚያ ሳምንት የሽማግሌዎች ሞዓዶን ተሰብስበን ሳለ ሁሉም በሰማዩ ላይ አቤቱታ ነበረው። ለፋሲካ ቤት የሚያጸዱት እናቶች ምንጣፉ በረንዳ ላይ እንዲደርቅላቸው ፀሐይ ፈለጉ። ልጁ አስም ያለበት አባት አቧራውን የሚያጥብ ዝናብ ፈለገ። በግንባታ ሥራ የሚውለው ደግሞ በዝናብ ቀን ሥራ የለም፣ ሥራ ከሌለም ደመወዝ የለም። እንዲህ ስንከራከር በሞሻቭ ብዙ ዓመት የሠሩ አንድ አባት፣ “ስንዴው አሁን ፍሬ እየያዘ ነው። አሁን ካልጠጣ መቼ ሊጠጣ ነው?” አሉን።

እውነታቸውን ነው። በሰሜናዊ ኔጌቭና በላኪሽ በኩል ያለው ስንዴ በአብዛኛው የሚበቅለው በሰማይ ውሃ ነው። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 11 ሁለት ዝናብ ለይታ ትጠራለች፤ የመጀመሪያው ዮሬ፣ የመጨረሻው ማልቆሽ ነው። ስንዴውን የሚሞላው ይህ የመጨረሻው ነው። ከተማ የምንኖር ሰዎች ግን ረስተነዋል። ዱሮ በዜና ስለ ኪነሬት ቀይ መስመር በተነገረ ቁጥር እንጨነቅ ነበር፤ በ2005 በአሽቀሎን የባሕር ውሃ ማጣሪያው ሥራ ከጀመረና ሌሎችም ከተከተሉ ወዲህ ቧንቧ ስንከፍት ደመና ትዝ አይለንም።

ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሲያዳምጡ የቆዩ አንዲት እናታችን በመጨረሻ ወደ ቄሱ ዞሩና፣ “አባ፣ እኔ ዝናብ እንዳይዘንብ ለምኜ አውቃለሁ። ኃጢአት ይሆን?” አሉ። ስለ ምንጣፍ መስሎን ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም።

በ1984፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. በግንቦት መጨረሻ፣ ወደ ሱዳን በእግር እየተጓዙ ነበር። ሌሊት ይሄዳሉ፣ ቀን ጫካ ውስጥ ይደበቃሉ። ጡት ያልጣለ ልጅ በጀርባቸው አዝለዋል። ክረምቱ ሊገባ ደመናው ከብዷል፤ ከፊታቸው የሚሻገሩት ወንዝ አለ። ወንዙ ከሞላ ከዚህ ማዶ መቅረት ነው፤ መቅረት ደግሞ በሽፍታ ወይም በወታደር እጅ መውደቅ ነው። ደመናውን በትንልኝ ብለው ለመኑ። አልዘነበም፤ ተሻገሩ። በዚያው ዓመት በወሎና በትግራይ ዝናቡ ቀርቶ ሕዝብ በረሃብ እንዳለቀ የሰሙት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። “እኔን ሰምቶ ይሆን ያን ሁሉ ሕዝብ የነሳው?” አሉ።

ከመካከላችን አንዱ ፈጥኖ፣ “እማማ፣ የአንድ ሰው ጸሎት የአገር ዝናብ አይከለክልም” አላቸው። ሌላውም ረሃቡን ጦርነቱና የጊዜው መንግሥት አሠራር እንዳባባሱት አስረዳ። ሁለተኛው እውነት ነው። የመጀመሪያው ግን ማጽናኛ እንጂ መልስ አይደለም። ጸሎታችን ምንም የማያደርግ ከሆነ ለምን እንቆማለን? የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ የእማማ ጥያቄ ጥያቄ ነው።

ቄሱ ብዙ አልተናገሩም። “ከተሻገሩ በኋላስ ምን ለመኑ?” ብለው ብቻ ጠየቋቸው። እናታችን ቆይተው፣ “ከዚያ ወዲህ ስለ ዝናብ ለምኜ አላውቅም። ካምፑ ውስጥ የለመንኩት ስለ ልጄ ብቻ ነው” አሉ።

ታልሙድ አባቶቻችን በኢትዮጵያ ያላወቁት መጽሐፍ ነው፤ ቄሱም ይህን የጠየቁት ከዚያ አንብበው አይደለም። ጥያቄያቸው ግን በዮማ ክፍል የተጻፈ አንድ ነገር አስታወሰን። ሊቀ ካህናቱ በአስተሥርዮ ቀን ከቅድስተ ቅዱሳን ሲወጣ አጭር ጸሎት ያደርስ ነበር። በዚያ ጸሎት ዝናብን በሚመለከት የመንገደኞች ልመና በፈጣሪ ፊት እንዳይገባ ይለምናል። መንገደኛ ዝናብ አይወድም፤ ዓለሙ ሁሉ ደግሞ ያለ ዝናብ አይኖርም። መንገደኞች ለነበርን ሰዎች ይህ መራራ ቃል ነው። በዓመቱ እጅግ በከበረው ቀን፣ እጅግ በከበረው ስፍራ፣ በእኛ በደካሞቹ ላይ ይጸለያል?

እዚያው ግን የራቢ ሐኒና ቤን ዶሳ ታሪክ ይከተላል። መንገድ ላይ ሳሉ ዝናብ ያዛቸው። ዓለሙ ሁሉ ተመችቶት ሐኒና ብቻ እንደ ተቸገረ ለፈጣሪ ተናገሩ፤ ዝናቡም ቆመ። ቤታቸው ሲደርሱ ደግሞ አሁን ዓለሙ ተቸግሮ ሐኒና ብቻ እንደ ተመቸው ተናገሩ፤ ዝናቡም ተመለሰ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የጻድቁን ኃይል ለማሳየት ነው፤ የሐኒና ልመና የሊቀ ካህናቱን ጸሎት እንኳ አልፏልና። እኛን የያዘን ግን ሁለተኛው ጸሎት ነው። ልብሱ ደርቆ፣ በሩን ዘግቶ፣ እሳቱ አጠገብ ከተቀመጠ በኋላ ስለ ውጭው የሚናገር ስንት ሰው ነው?

የመንገደኛው መራራ ነገርም በዚህ አላበቃም። የሱኮት በዓል አልቆ የዝናቡ ጊዜ ሲደርስ በእስራኤል ምድር ዝናብ መለመን የሚጀመረው ወዲያው አይደለም፤ በሔሽቫን 7 ቀን ነው። በሚሽና ታዓኒት ምክንያቱ ተጽፏል፤ ለበዓል ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ የነበረው የመጨረሻው ሰው ኤፍራጥስ ወንዝ እስኪደርስ 15 ቀን ይጠበቃል። እስቲ አስቡት፤ የበጋው ሙቀት ያደረቀው ምድር፣ የሚጠብቀው ገበሬ፣ የተራቆተው ጉድጓድ ሁሉ ውሃ ይፈልጋል፤ አንድ በአህያ የሚያዘግም ሰው እንዳይበሰብስ ግን ሕዝቡ ሁሉ አፉን ይይዛል። ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ፣ ወደ ኤፍራጥስ የሚመለስ ተጓዥ ከቀረ ስንት ዘመን ሆነው፤ እኛ በዚህች አገር ዛሬም እስከዚያች ቀን እንጠብቃለን። እንግዲህ መንገደኛው ስለ እኔ ዓለሙን አቁም እንዳይል ተከልክሏል፤ ስለ እርሱ የሚያቆሙት ቤታቸው ያሉት ናቸው።

በሳንሄድሪን ደግሞ ሌላ አለ። የቀን መቁጠሪያው በስሌት ከመወሰኑ በፊት ዳኞቹ ተቀምጠው ዓመቱ ሁለተኛ አዳር እንዲጨመርለት ይመክሩ ነበር። የሚጨምሩትም ለእህሉና ለፍሬው ብቻ አልነበረም፤ ዝናብ ስላበላሸው መንገድና ድልድይ፣ ስላልደረቀው የፋሲካ በግ መጥበሻ ምድጃም ጭምር ነው። ምድጃው የጭቃ ነበርና። ይህን ስናነብ እናቶቻችን ታወሱን፤ ከፋሲካ በፊት አሮጌውን ሸክላ ሰብረው አዲስ ድስትና ምጣድ ሲሠሩ፣ ሳይደርቅ ደመና ሲመጣ እንዴት እንደሚሯሯጡ። ከዚሁ ጋር አንድ ምክንያት ተጨምሯል፤ ከስፍራቸው ተነቅለው ገና ላልደረሱ ስደተኞች ዓመቱ ይረዝማል። ገና ላልተነሡት ግን አይረዝምም፤ ለብርድና ለበረዶም አይረዝምም።

ተነቅለው ያልደረሱ። በ1984 በመንገድና በሱዳን ካምፖች ያለቁብንን፣ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርጽል ተራራ የምናስባቸውን፣ ከዚህ ቃል በላይ የሚገልጻቸው አላገኘንም። ዛሬም መንደራቸውንና መሬታቸውን ትተው ጎንደርና አዲስ አበባ ገብተው ለብዙ ዓመታት የሚጠባበቁ ዘመዶች አሉን። ተነሥተዋል ይባላሉ ወይስ አልተነሡም? ይህን ዳኞቹ ቢጠየቁ ምን ይሉ ይሆን እንላለን።

ወደ እናታችን እንመለስ። በዚያች ሌሊት ወንዝ ዳር ያደረጉትን ጸሎት ኃጢአት ለማለት አፋችን አይደፍርም። የተዘለ ልጅ ያላት እናት ወሎን ታስብ ዘንድ አይጠየቅም፤ በዚያ ሰዓት ወሎን ማሰብ የነበረበት የጠገበውና የተቀመጠው ነው። የቄሱ ጥያቄ ግን እሳቸውንም እኛንም አልለቀቀንም።

ሐሙስ ማታ ነጎድጓዱ ሲበረታ ደወልንላቸው። ያ የታዘለው ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ የበኩር ልጁ በአንድ ሕንፃ በር ላይ በጥበቃ ሥራ ይቆማል፣ በእግሩም ነው የሚመለሰው። እናታችን መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ልጁ አሁን ገባ፣ ሻይ እያፈላሁለት ነው አሉን። ጸለዩ ወይ ብለን ጠየቅናቸው።

“እስኪገባ ድረስ ዝም አልኩ” አሉ። “ሲገባ፣ በል አሁን ለስንዴው ዝነም አልኩት።”