እግዚአብሔር ያውቃል፤ ሐኪሙስ?

ከግምጃ ቤት ታማሚ ይዘን ወደ እንጅባራ፥ ሲብስም ወደ ባሕር ዳር ስንወርድ ለሐኪሙ የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ከቀዶ ሕክምናው በደኅና ይነሣልን ይሆን?» መልሱም ብዙ ጊዜ «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚል ነው። ቃሉ እውነት ነውና ማንም አይከራከረውም። ነገር ግን ሰው ሊያውቀው የሚችለውንና የሚገባውን ሳያውቅ ሲቀር፥ ይህን የእምነት ቃል መጠለያ ሊያደርገው ይገባዋልን?

ጥያቄውን አጥርቶ የሚያሳየን በአንገት በኩል ወደ አንጎል ደም በሚያደርሰው፥ ካሮቲድ በሚባለው የደም ሥር ላይ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ነው። ይህ ሥር በስብ ሲጠብ ስትሮክ ሊያስከትል ስለሚችል፥ ሐኪሙ ከፍቶ ያጸዳዋል። አስጨናቂው ነገር፥ ሊከላከለው የታሰበውን ስትሮክ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ሊያመጣው መቻሉ ነው። ስለዚህም የሙያው ማኅበራት ወሰን አበጁለት፤ ከ100 ታማሚዎች መካከል እስከ 30 ቀን ድረስ በስትሮክ ወይም በሞት የሚጎዱት፥ ምልክት አስቀድሞ ከታየባቸው ከ6፥ ካልታየባቸውም ከ3 እንዳይበልጡ ነው። እንግዲህ የራሱን ውጤት ያልቆጠረ ሐኪም፥ እጁ የቱንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን፥ ታማሚውን «ይሻልሃል» ሲለው አልዋሸም፤ እውነቱን ግን አልነገረውም፤ እርሱም አያውቀውምና።

በቦስተን ከተማ የነበረው ሐኪም ኧርነስት ኮድማን ይህን ከመቶ ዓመት በፊት ተረድቶት ነበር። ከ1911 እስከ 1916 (እ.ኤ.አ.) ከሆስፒታሉ ከወጡት 337 ታማሚዎች ሕክምና 123 ስሕተቶችን መዝግቦ በአደባባይ አሳተመ። የሙያ ባልንጀሮቹ አልወደዱለትም፤ ማንስ ይወዳል? እኛን ግን ከኑዛዜ በፊት የምናደርገውን የሕሊና ምርመራ ያስታውሰናል። ልዩነቱ፥ ኑዛዜ በምሥጢር ሲጠበቅ፥ የሐኪሙ ቁጥር ግን ሕይወቱን ለሚሰጠው ታማሚ የሚገባ ዕዳ መሆኑ ነው። በእርግጥ ቁጥር በይፋ ሲወጣ ሐኪሞች ከባድ ሕመም ያለባቸውን ይሸሻሉ ብለው የሚሰጉ አሉ። ስጋቱ ቀላል አይደለም፤ ዘግይቶ የሚመጣው ድሃ ከደጅ ሊቀር ይችላልና። ስለዚህ ቆጠራው ታማሚው በምን ሁኔታ እንደ መጣ ጭምር ሊመዝን ይገባል።

በአገራችንም የጤና ሚኒስቴር በ2016 (እ.ኤ.አ.) ስለ ቀዶ ሕክምና ደኅንነት አገር አቀፍ መርሐ ግብር ጀምሯል። መዝገቡ ግን ያለ እኛ አይሞላም። ታማሚው ወደ ቤቱ ተመልሶ በ20ኛው ቀን ቢያርፍ እንቀብረዋለን፥ ቤተሰቡን እናጽናናለን፥ ለአርባውም እንዘጋጃለን፤ በሆስፒታሉ መዝገብ ግን «ተሽሎት ወጣ» እንደ ተባለ ይኖራል። ይህ የሐኪሙ በደል አይደለም፤ የነገረው የለምና። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ለቅሶ ቤት ሲደርሱ፥ ለክስ ሳይሆን ነገ በዚያው አልጋ ለሚተኛው ሲባል፥ ከቤተሰቡ አንዱ የሟቹን የሕክምና ካርድ ይዞ ለሆስፒታሉ እንዲያስታውቅ ቢመክሩ መልካም ነው። ከአርባው አስቀድሞ ቢሆን ይመረጣል፤ ካርዱ እንደዚህ ባለው ጊዜ ቶሎ ይጠፋል።