ገመናና ዜማ

ሰው ስለ ገዛ ሕይወቱ እውነቱን የመናገር መብት እንዳለው የሚክድ ብዙ አይገኝም። ዳሩ ግን ማንም ሰው ሕይወቱን ለብቻው አልኖረም። ያደግንበት ቤት የእናታችንም ቤት ነው፤ የተለየነው ወዳጅ ስለዚያው መለያየት የሚናገረው የራሱ ታሪክ አለው፤ የበደለን ሰው እንኳ ልጆችና እኅቶች አሉት። እንግዲህ አንድ ወጣት ድምፃዊ የደረሰበትን ሁሉ ግጥምና ዜማ አድርጎ በመጀመሪያ አልበሙ ለሕዝብ ሲያቀርብ፥ የሚሰጠው የራሱን ብቻ ነውን? ወይስ ሳይጠየቁ የሚሰጡ ሌሎችም አሉ? በዚህ እትም ልንመረምረው የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው።

ጥያቄው በቀደመው ዘመን እምብዛም አልተነሣም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በሀገራችን የዘመናዊ ሙዚቃ ልማድ ግጥሙን አንዱ ይጽፋል፥ ዜማውን ሌላው ይደርሳል፥ ሦስተኛው ደግሞ ያዜመዋል። ጥላሁን ገሠሠ «እኔ» እያለ ሲያዜም አድማጩ የጥላሁንን የግል ታሪክ ሰማሁ አላለም፤ አብዛኞቹን ዘፈኖች ሌሎች ደርሰውለት እንደነበር ይታወቃልና። ያ «እኔ» በብርድ ጊዜ ማንም አንሥቶ እንደሚደርበው የቤት ጋቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ እሸቴ ከመንግሥት ተቋማት ውጭ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፥ ከዚያም በኋላ ካሴት የሚያሳትሙ ሙዚቃ ቤቶች ሲበዙ፥ በዘፋኙና በሕዝቡ መካከል ቢያንስ አንድ ሰው ቆሞ ነበር። ያ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ስለ ገበያው ቢሆንም፥ «ይህቺን ስንኝ እንኳ ብታወጣት ይሻላል» የሚል ድምፅ ከእርሱ ዘንድ ሊመጣ ይችል ነበር። ዛሬ ግን በጭላሎ ተራራ ሥር፥ በአሰላ ከተማ፥ ጊታርና አንድ ኮምፒዩተር ያለው ወጣት ገጣሚም፥ ዜማ ደራሲም፥ አሳታሚም ራሱ ሊሆን ይችላል። ነፃነቱ እውነተኛ ነው፤ እኛም ደስ ይለናል። የሚከለክለው ከሌለ ግን መካሪም የለውም፤ ሸክሙን ለብቻው ይሸከማል ማለት ነው።

ከገዛ ሕይወት የመጣ የመጀመሪያ አልበም ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት የሃጫሉ ሁንዴሳን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። የአምቦው ልጅ እ.ኤ.አ. በ2003፥ ገና የ17 ዓመት ወጣት ሳለ ታሰረ፤ የተፈታውም በ2008 ነው። ግጥምና ዜማ መድረስን የተማረው በዚያ በወኅኒ ቤት እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ከተፈታ በኋላ በ2009 ያወጣው «ሰኚ ሞቲ» የተሰኘው የመጀመሪያ አልበሙ በአብዛኛው እስር ቤት የተደረሱ ዘፈኖች ናቸው። የአንድ እስረኛ ናፍቆት የብዙዎች ናፍቆት ሆነ፤ የአርሲ እረኛም በቆላውና በደጋው የራሱ አድርጎ አዜመው። ነገር ግን ሕይወቱን ለሕዝብ የሰጠ ሰው ሕዝቡ በዚያ ሕይወት ምን እንደሚያደርግበት መወሰን አይችልም። ሃጫሉ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተገደለ ጊዜ ሐዘኑ ወደ ቁጣ ተለውጦ፥ በአርሲ ከተሞች ጭምር በሞቱ እጃቸው የሌለበት ሰዎች ሕይወትና ንብረት ጠፋ። ለዚህ ዘፈኑን ተጠያቂ የሚያደርግ ፍርድ የለንም፤ እንዲህ ያለ ፍርድ ግፍ ይሆናልና።

የግል በደልን በዜማ ወደ አደባባይ ማውጣት ለአርሲ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከአልበምም ከካሴትም አስቀድሞ የነበረ ነው። የአርሲ ኦሮሞ እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ የተባለውን በትር ትሰጣታለች። ባል ሚስቱን ቢበድል፥ ይልቁንም በአራስነቷ ወራት ቢደበድባት፥ ሴቲቱ ሲንቄዋን ይዛ ትጮኻለች። ጩኸቱን የሰሙ የአካባቢው ሴቶች ሥራቸውን ጥለው፥ እያንዳንዳቸው ሲንቄያቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ፤ በደሏንም ያዜሙታል። የአንዲት ጎጆ ምሥጢር በአንድ ቀን የመንደር ዜማ ይሆናል። ሴቶቹ በዳዩ ካሳ እስኪከፍልና ዕርቅ እስኪወርድ ድረስ ወደ ቤታቸው ላለመመለስ ይችላሉ፤ ስለዚህም ሽማግሌዎች ፈጥነው ይመጣሉ። እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስተውል ይገባናል። ልማዱ ሴቲቱን «ገመናሽን ሸፍኚ» አላላትም። ነገር ግን ከሳሿም፥ ተከሳሹም፥ ሰሚውም በአንድ ሜዳ ላይ ናቸው፤ ባልየው መልስ መስጠት ይችላል፤ ውሸት ቢኖር የሚያውቅ ጎረቤት አለ፤ ዜማውም ዕርቁ ሲፈጸም ያበቃል።

አልበም ግን አያበቃም። የሲንቄ ዜማ ሰውየውን ወደ ማኅበሩ ሊመልሰው የታሰበ ነው፤ አልበሙ ግን የዛሬ ሃያ ዓመትም እንዳኮረፈ ይኖራል። የተወቀሰው አባት እስከዚያ መጠጡን ትቶ፥ ንስሐ ገብቶ፥ የልጅ ልጁን አዝሎ ይሆናል፤ በዘፈኑ ውስጥ ግን እንደሰከረ ነው። መልስ የሚሰጥበት ሜዳም የለውም፤ ክራር የማይመታ ሰው በምን ይመልሳል?

ይህን ስንል «ገመና አይወጣም» ለሚለው አባባል መሣሪያ ማቀበላችን እንዳይሆን እንጠነቀቃለን። በዚህ ቃል ጥላ ሥር ብዙ ግፍ ተሸሽጎ ኖሯል። የተደፈረች ልጅ ስለ ቤተ ሰቡ ክብር ዝም በይ ተብላለች፤ የተደበደበች ሚስት ስለ ልጆችሽ ስትይ ቻይው ተብላለች። ገመናና በደል አንድ አይደሉም። የእናት ድህነት፥ የወንድም ሕመም፥ ወዳጅ በጨለማ ሰዓት አምኖ የነገረን ፍርሃት፥ እነዚህ ገመናዎች ናቸው፤ ባለቤት አላቸው፥ ባለቤታቸውም እኛ አይደለንም። በደል ግን የተበዳዩ ነው፤ የመናገርም የመተውም ሥልጣን የእርሱ ነው። ማንም ዘመድ፥ ማንም ካህን፥ ዝምታን ሊያዝዝበት አይገባም። ችግሩ በአንድ ዘፈን ውስጥ ሁለቱ ተጋምደው መምጣታቸው ነው፤ ስለ በደሉ የሚነገረው እውነት የማይመለከተውን ሰው ገመና ይዞ ይወጣል። የተበደለችው ልጅ ስትዘምር እናቷ አይታ ዝም ማለቷም አብሮ ይሰማል።

ስም አለመጥራት መፍትሔ ነው የሚሉ አሉ። በአዲስ አበባ ምናልባት ይሠራ ይሆናል። አሰላ ግን ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚታወቅባት ከተማ ናት፤ «የወፍጮ ቤቱ ጎረቤት» ካልን ስም ጠርተናል። ሰምና ወርቁም ቢሆን ሁልጊዜ ንጹሕ መጋረጃ አይደለም፤ የተሸፈነ ስድብ ከተገለጠው ይልቅ ሲያቆስል፥ አዝማሪ በሚጫወትበት ቤት ያመሸ ሁሉ አይቷል። ከስም መደበቅ ይልቅ ሰውየውን ወይም ሴቲቱን አስቀድሞ ማሰማት የተሻለ ይመስለናል፤ በዳዩን ማለታችን አይደለም፥ ገመናው የሚነካውን ሰው እንጂ። እናት ዘፈኑን ከጎረቤት ሬድዮ ከምትሰማው ከልጇ አፍ ብትሰማው፥ ምናልባት «ይህን ተውልኝ» ትላለች፤ ምናልባትም ዘፋኙ የማያውቀውን ታሪክ ትነግረው ይሆናል።

ሌላም መንገድ አለ፤ ለሁሉ ባይሰጥም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በጣልያን ወረራ ዘመን ከቤተ ሰቦቻቸው ጋር ወደ አዚናራ ደሴት ተግዘዋል፤ ለትምህርት ወደ ውጭ የመሄድ ተስፋቸው ተቋርጦባቸዋል፤ በግሸን ማርያም ለዓመታት በምንኵስና ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ከዚህ ሁሉ ሕይወት የወጣ ነው፤ ግን በፒያኖ ብቻ ነው፥ አንዲት ቃል የለበትም። ሐዘኑ ሁሉ ተነግሯል፤ ማንም ግን አልተከሰሰም። ገቢውም ለችግረኞች መርጃ ዋለ። በገዛ ድምፃቸው ስለ ሀገርና ስለ ስደት ያዜሟቸው፥ በቤታቸው የተቀረጹ ዜማዎች በአልበም የታተሙት ግን በ2024፥ እርሳቸው በኢየሩሳሌም ካረፉ በኋላ ነበር።

ቃልን መሣሪያው ላደረገ ሰው ግን ዝምታው ቀላል አይሆንለትም። ቅዱስ አውጎስጢኖስ በአራተኛው ምእት ዓመት መጨረሻ «ኑዛዜ» የተሰኘውን መጽሐፉን ሲጽፍ ይኸው ችግር ገጥሞታል። የአባቱን ቁጡነትና አለመታመን፥ እናቱ ቅድስት ሞኒካ በልጅነቷ የነበራትን ወይን የመቅመስ ልማድ ሳይቀር ጽፏል፤ ሁለቱም አርፈው ነበር። ብዙ ዓመት አብራው የኖረችውን፥ ልጁን አዴዎዳቱስን የወለደችለትን ሴት ግን አንድም ጊዜ በስሟ አይጠራትም። ከሚላኖ ወደ አፍሪካ ስትመለስ ሌላ ወንድ ላታውቅ እንደተሳለች፥ የእርሱም ልብ እንደ ቆሰለ ብቻ ይነግረናል። ስሟን የተወው ሊጋርዳት አስቦ ነው የሚሉ አሉ፤ ታሪኳን ከራሱ ታሪክ ጋር ቀበረው የሚሉም አሉ። እኛ ወደ መጀመሪያው እናዘነብላለን፤ ነገር ግን የእርሷን ቃል የሰማ የለም።