የጥሪውን ድምፅ የቆረጥኩለት እኔ ነበርኩ

 

የዛሬው ማስታወሻችን ስለ ስልክ ጥሪ ድምፅ ነው። "ይህ ደግሞ ለጁሙዓ ይሆናል እንዴ?" እንዳትሉኝ። እስከ መጨረሻው አንብቡት።

የምሠራው እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ ስልክ ቤት ውስጥ ነው። የተሰበረ ስክሪን እቀይራለሁ፣ ሚሞሪ እሞላለሁ፣ የጥሪ ድምፅም እሠራለሁ። ሥራው ቀላል ነው። ደንበኛው የወደደውን ድምፅ በቴሌግራም ወይም በብሉቱዝ ይልክልኛል፤ እኔ በመቁረጫ አፕ ከፍቼ ሠላሳ ሰከንድ ያህሉን ቆርጬ አወጣለሁ፤ ከዚያ ስልኩ ላይ ጭኜ ሴቲንግ ገብቼ እመርጥለታለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አብዛኛው ደንበኛ የሚለኝም ያው ነው፦ "ከሚደምቅበት ጀምርልኝ፣ ከሩቅ ይሰማ።"

አንድ ቀን ከደባርቅ መጥቶ እዚህ የሚማር ልጅ መጣ። የሠርግ ዘፈን ይዟል። ከበሮው ከሚፈነዳበት ቦታ ቆርጬ ለእናቱ ቁጥር ብቻ እንዳደርግለት ጠየቀኝ። "እናቴ ካርድ ስታገኝ ነው የምትደውልልኝ፤ ካለፈኝ በቃ አለፈኝ" አለኝ። አደረግሁለት፤ ደስ ብሎት ሄደ።

በሁለተኛው ጁሙዓ መስጂድ ውስጥ አንድ ሰፍ ላይ ቆመናል፤ በመካከላችን ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለው። በሁለተኛው ረከዓ ሱጁድ ላይ ሳለን ከበሮው ፈነዳ። በመጀመሪያው ምት አወቅሁት፤ የቆረጥኩት እኔ ነኛ! ልጁ ስልኩን አልነካውም። ሶላት ውስጥ ከተንቀሳቀስኩ ሶላቴ ይበላሻል ብሎ ፈርቶ ይሆናል። ጥሪው ተቋረጠ፤ እፎይ ሳንል እናቱ ደግመው ደወሉ።

ኢማሙ እንዳሰላመቱ ሰው ሁሉ ዞረበት። አንዱ "መስጂድ ነው ጭፈራ ቤት?" አለው። ሌላው "እንዲህ ከሆነ ቤትህ ስገድ!" አለው። ልጁ ፊቱ ቀልቶ፣ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ወጣ። እኔስ? እኔ ዝም አልኩ። "ድምፁን የሠራሁለት እኔ ነኝ፤ መስጂድ ስትገባ እንዲህ አድርገው ብዬም አላሳየሁትም" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጁሙዓ አለፈ። ልጁን መስጂድ ውስጥ አላየሁትም።

ወንድሞቼ፣ እዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ጥፋት ሁለት ነው።

የመጀመሪያው የስልኩ ጩኸት ነው። የጁሙዓን ክብር እናውቃለን። ነቢያችን (ሰለሏሁ ዐለይሂ ወሰለም) ኹጥባ እየተደረገ ጓደኛውን "ዝም በል" ያለ ሰው እንኳ ከንቱ ነገር እንደሠራ፣ ጠጠር የነካካም እንደዚያው መሆኑን አስተምረውናል። ጠጠር ድምፁ ከራስ አያልፍም፤ ከበሮ ግን የመላውን ጀማዓ ኹሹዕ ይዞ ይሄዳል። እናታችን ዓኢሻ (ረዲየሏሁ ዐንሃ) እንደነገሩን፣ ነቢዩ በአንድ ወቅት ጥለት ባለው ልብስ ሰግደው ጥለቱ ሐሳባቸውን ስለሳበው ልብሱ ለአቡ ጀህም እንዲመለስ አዘዙ፤ በምትኩም ጥለት የሌለውን የእርሱን ልብስ እንዲያመጡላቸው ጠየቁ። ልብ በሉ፣ ልብሱ ሐራም አልነበረም። ከሶላት ስለያዛቸው ብቻ ነው የመለሱት።

ስለዚህ ለእናንተም፣ ለደንበኞቼም የምለው ይህን ነው። መስጂድ በር ላይ ጫማ ስታወልቁ ስልካችሁንም አብራችሁ ዝም አሰኙት። ንዝረት ብቻ አይበቃም፤ ፀጥ ባለ ቦታ እርሱም ይሰማል። አላርም ደግሞ በብዙ ስልኮች ላይ ድምፅ ቢጠፋም ይጮኻል፤ በሶላት ሰዓት አትሙሉት። የሚረሳ ሰው ስልኩ ላይ "አትረብሽ" የሚለውን አገልግሎት ለጁሙዓ ከቀኑ 6 ሰዓት ከሩብ እስከ 7 ሰዓት ተኩል አንድ ጊዜ ቢሞላው በየሳምንቱ በራሱ ይሠራለታል። ረስታችሁ ከጮኸ ደግሞ እጃችሁን ኪሳችሁ ከትታችሁ አጥፉት። ነቢዩ የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ተሸክመው ሰግደዋል፤ ሱጁድ ሲወርዱ ያስቀምጧታል፣ ሲቆሙ ያነሷታል። ዑለማዎችም ለጉዳይ የሚደረግ ትንሽ እንቅስቃሴ ሶላትን እንደማያበላሽ ተናግረዋል። ይህን ያ ልጅ ቢያውቅ ኖሮ!

"እንግዲያው ቁርኣን ጫንልኝ" የሚለኝ ደንበኛም ብዙ ነው። ኒያው መልካም ነው። ግን አስቡት፦ ስልኩን ስታነሱ አንቀጹ መሐል ላይ ይቆረጣል፤ ሽንት ቤት እያላችሁም ሊጮህ ይችላል። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸኽ ዐሊ ጁሙዓም የአላህን ቃል ለጥሪ ድምፅ ማድረግ ለክብሩ እንደማይገባ ተናግረዋል። ቁርኣን ቁጭ ብለን የምናዳምጠው ነው፤ "ማን ደወለ?" ለማለት የምንቆርጠው አይደለም። ልዩ ድምፅ የፈለገ ሰው በስልኩ መቅጃ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይቅዳ፣ የወፍ ድምፅ ይቅዳ፣ እናቱ ስሙን ስትጠራው ይቅዳ። በነፃ እቆርጥለታለሁ።

ሁለተኛውና የከበደው ጥፋት የእኛ ነው። ሙዓዊያ ኢብኑል ሐከም የተባሉ ሶሓባ ከነቢዩ ኋላ እየሰገዱ ሳለ አንድ ሰው ሲያስነጥስ ድምፃቸውን አውጥተው ዱዓ አደረጉለት። ሰዎች አፈጠጡባቸው፤ ዝም ለማሰኘት ጭናቸውን መቱ። ሶላቱ ሲያልቅ ነቢዩ ምን አደረጉ? አልተቆጧቸውም፣ አልመቷቸውም፣ አልሰደቧቸውም። ሶላት የሰዎች ንግግር ቦታ አለመሆኑን፣ ተስቢሕ፣ ተክቢርና ቁርኣን የሚቀራበት መሆኑን በእርጋታ አስረዷቸው። ሙዓዊያም ከእርሳቸው በፊትም ሆነ በኋላ እንደእርሳቸው ያለ መልካም አስተማሪ እንዳላዩ መሰከሩ። መስጂድ ውስጥ የሸናውን የገጠር ሰው ታሪክ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እስኪጨርስ ተውት ብለው፣ ውሃ አስፈስሰው፣ ሰውየውን አስተማሩት።

እኛ ግን አንድ ደቂቃ ላልሞላ ጩኸት አንድ ልጅ ከመስጂድ አስወጣን። የስልኩ ድምፅ በዚያው አለቀ፤ የእኛ ቃል ግን እስከ ዛሬ ጆሮው ላይ ሳይጮህ አይቀርም። ያውም ድምፁን ያስቆረጠው የእናቱ ጥሪ እንዳያልፈው ብሎ ነው።

ትናንት ደወልኩለት፤ አላነሳም። ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ የተከራየበት ቤት ድረስ እሄዳለሁ፣ ኢንሻአላህ። ዐውፍ እንዲለኝ እጠይቀዋለሁ፤ በሚቀጥለው ጁሙዓም አብረን እንድንሄድ እለምነዋለሁ። እናንተም አስቡ፦ በእናንተ መስጂድ ተሸማቆ የወጣ፣ ከዚያም የጠፋ ሰው የለም? ዛሬ ደውሉለት። ካላነሳ ሂዱበት።

አላህ ሶላታችንን ይቀበለን፤ ምላሳችንን ለወንድሞቻችን ያለዝብልን፤ ከቤቱ የራቁትን በመልካም ይመልስልን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።