ልጅ የሣለው ሥዕል የማን ነው?

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ አበው። ተረቱ እውነትነት አለው። ራት ሰዓት አለው፤ እንግዳም ይርበዋል። የልጅ ክንድ ሊጡን እስኪያሸው ድረስ ምጣዱ አይጠብቅም። ስለዚህ ትልቁ ሰው ቡሃቃውን ከልጁ እጅ ተቀብሎ ሥራውን ቢጨርስ የሚወቅሰው የለም። ይሁን እንጂ ማንም የማይራብበት፣ ምንም የማይዘገይበት፣ ሥራው ለሠሪው ደስታ ሲባል ብቻ የሚሠራበት ጊዜ ሲመጣስ? ያን ጊዜም ትልቁ ሰው የልጁን እጅ ይዞ የመምራት መብት አለውን? ጥያቄው ከፍልስፍና መጻሕፍት ይልቅ በአንድ ተራ ቤት ውስጥ፣ በአንዲት ሕፃን የልደት ቀን ጎልቶ ሊታይ ይችላል።

በኢትዮጵያውያን ዘንድ ልደትን በየዓመቱ ኬክ ቆርሶና ሻማ አብርቶ ማክበር ከከተማ ኑሮ ጋር የመጣ ልማድ ነው። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ቤት ትልቁ ድግስ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ የሚደገሰው ነበር። የተወለዱበትን ቀን በትክክል የማያውቁ አያቶች ዛሬም አሉ። ልማዱ አዲስ በመሆኑ አባቶች ያቆዩት ሥርዓት የለውም፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ይፈጥራል። ፈጣሪው ወላጅ ስለሆነም በልደቱ ቀን የሚሆነው ሁሉ ወላጁ ልጁን እንዴት እንደሚያይ ይናገራል።

ሐርጌሳ የምትኖር፣ ሴት ልጇ 6 ዓመት የምትሞላት አንዲት እናት ትታሰብ። ሙዚቃና ፊኛ ከማብዛት ይልቅ ልጆቹ ሥዕል እየሣሉ የሚውሉበትን ልደት ለማዘጋጀት ወሰነች። መነሻውንም ሩቅ ሄዳ አልፈለገችም። ከከተማዋ ወደ በርበራ በሚወስደው አቅጣጫ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ላስ ጌል በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ዕድሜ ያላቸው የዋሻ ሥዕሎች ያሉበት ስፍራ ነው። በዛቪየ ጉተርዝ የተመራ የፈረንሳይ የአርኪዮሎጂ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 ለዓለም ያስተዋወቃቸው ቢሆንም የአካባቢው አርብቶ አደሮች ግን ቀድሞም ያውቋቸው ነበር። በቀይና በነጭ ቀለም የተሣሉት ላሞች አንገታቸው በመስመር በመስመር አጊጦ ይታያል። እናቲቱ የእነዚህን ላሞች ፎቶግራፍ ለልጆቹ አሳይታ «እናንተስ እንዴት ትሥሏቸዋላችሁ?» ልትላቸው አሰበች።

ዝግጅቱ ከባድ አይደለም። ቀኑ ዓርብ ነው፤ በከተማዋ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ 9 ሰዓት ላይ ይጀመራል። ለኦርቶዶክስ ክርስቲያን እንግዶች ግን ዓርብ የጾም ቀን ነውና ኬኩ ያለ እንቁላልና ያለ ቅቤ በዘይት ይጋገራል፤ ሳምቡሳውም በምስር ይሞላል። እንዲህ ሲሆን ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። ምንጣፉ ተነሥቶ ፕላስቲክ ይነጠፋል፤ የአባት አሮጌ ሸሚዞች በጀርባ በኩል እየተቆለፉ ሽርጥ ይሆናሉ። ቀለሙ ከማድ ቤት ይወጣል፦ ቢጫው ከእርድ፣ ቀዩ ከቀይ ሥር፣ ቡናማው ከቡና አተላ፣ ጥቁሩ ከከሰል። ውሃ ተገዝቶ በሚመጣበት ቤት ለእጅና ለብሩሽ መታጠቢያ ሁለት ባልዲ ይመደባል። ለ10 ሕፃናት ይህ ይበቃል።

አስቸጋሪው ነገር የሚጀምረው ልጅቱ ብሩሹን ከያዘች በኋላ ነው። ሕፃኗ ቀይ ላም ሣለች፤ ላሟም አምስት እግር አላት። አጠገቧ የተቀመጠችው አክስት ፈገግ ብላ «ሚጣዬ፣ ላም እኮ አራት እግር ነው ያላት፤ ነይ ላስተካክልልሽ» ብላ እጇን ልትይዝ ቃጣች። አክስት በክፋት አላሰበችውም። ሥዕሉ ድሬዳዋ ለምትኖረው አያት ይላካልና እንዲያምር ፈልጋለች። ነገር ግን ከታረመ በኋላ ያ ሥዕል የማን ነው? ከታች የልጅቱ ስም ይጻፍበታል፤ መስመሩ ግን የአክስት ነው። አያትም የልጅ ልጇን እጅ ያየች መስሏት ትሳሳታለች። ሕፃኗም በዚያው ቅጽበት አንድ ትምህርት ትቀስማለች፦ ለአያት የሚላከው የእርሷ ሥራ አለመሆኑን።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ጥበብ ያለ እርማት አታድግም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተማሪ የመምህሩን መስመር እየተከተለ ነው የሚማረው፤ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥኡ በጎኑ ተቀርጾ በአንድ ዓይን ብቻ እንዲታይ የሚያዝዘው ሥርዓት በተማሪው ፈቃድ አይለወጥም። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም እርማትን የማይወድ ሠዓሊ አላፈራም። ሁሉም ልክ ነው ከተባለ መምህር ለምን ያስፈልጋል?

ተቃውሞው በቦታው ትክክል ነው። ተማሪው ከመምህሩ እግር ሥር የተቀመጠው ሊማር ፈልጎ ነው፤ መታረምም ከመጣበት ጉዳይ አንዱ ነው። ለልደት የተጠራ ሕፃን ግን የተጠራው ሊደሰት ነው። ዜማ የሚማረውን ልጅ መምህሩ ያርመዋል፤ ደጅ እየዘለለ የሚያዜመውን ልጅ ግን ዜማህ ተሳስቷል የሚለው የለም። ሁለቱን ቦታዎች ማምታታት ትምህርትንም ጨዋታንም ይጎዳል። ላሟ ስንት እግር እንዳላት ልጅቱ ነገ ታውቃለች፤ ዛሬ የሣለችውን ግን ነገ መልሳ ልትሥለው አትችልም።

አባት በበኩሉ ሌላ ሐሳብ ያመጣል፦ አንደኛ ለወጣው ሥዕል ሽልማት ይሰጥ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ያደረጉትን ጥናት ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ቀድሞውንም ሥዕል የሚወዱ ሕፃናትን በሦስት ከፍለው፣ አንደኛው ቡድን ሥዕል ከሣለ የምስክር ወረቀት እንደሚሰጠው አስቀድሞ ተነገረው፤ ሁለተኛው ሳይነገረው በድንገት ተሰጠው፤ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ከአንድና ሁለት ሳምንት በኋላ በነፃ ጨዋታ ሰዓት ሲታዩ ሽልማቱ ቀድሞ የተነገራቸው ሕፃናት በሥዕል ያሳለፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ለዋጋ የተሠራ ደስታ ዋጋው ሲቀር አብሮ ቀረ ማለት ነው። በድግስ ላይ ደግሞ ሌላ ነውር ይጨመርበታል፤ አንድ ልጅ ሲያሸንፍ ዘጠኝ እንግዶች ተሸንፈው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። እንግዳን ጠርቶ ማሸነፍ የእንግዳ አቀባበል ወግ አይደለም።

እርማትና ሽልማት ከተተዉ ሦስተኛው ፈተና ውዳሴ ነው። ወረቀቱን በቅጡ ሳያዩ ለሁሉም «ጎበዝ! ጎበዝ!» ማለት ቀላል ነው። ልጅ ግን ያልታየ ሥዕሉ መወደሱን ያውቃል። እውነተኛው አክብሮት ቁጭ ብሎ መመልከትና መጠየቅ ነው። አክስትም ብሩሹን ከመንካቷ በፊት «ይቺ አምስተኛዋ ምንድን ናት?» ብላ ብትጠይቅ ኖሮ «ጅራቷ ናት፤ ዝንቡን እያባረረች ነው» የሚል መልስ ታገኝ ነበር። ሊታረም የነበረው ስሕተት የአክስቲቱ የራሷ ነበር።

ይህ ከመወሰን በፊት የመጠየቅ ልማድ ከቤተሰቡም አልፎ ለጎረቤት ይተርፋል። ከ10ሩ እንግዶች ገሚሱ የሐርጌሳ ተወላጆች ልጆች ናቸው። ልደት የማያከብር ቤት አለ፤ ነፍስ ያለውን ፍጡር ስለ መሣልም በሙስሊሙ ሊቃውንት ዘንድ የተለያየ አስተያየት አለ። ላሞቹ የአገሩ ቅርስ ናቸውና ማንም አይከፋም ብሎ መገመት አይበቃም። ስለሆነም እናት ቀደም ብላ ጎረቤቷን «እኅቴ፣ ልጆቹ ምን ቢሥሉ ደስ ይልሻል?» ብላ ትጠይቃለች። ጎረቤትም «ይምጡ፤ እንስሳ ግን ባይሥሉ እወዳለሁ» ልትል ትችላለች። ያን ጊዜ መላው አይጠፋም፤ በላሞቹ አንገት ላይ ያሉት መስመሮች ራሳቸው ለጥለት ይሆናሉ። የሐረር ቤቶችን ግድግዳ የሚያስጌጠው ስፌትም፣ የሂና ጌጥም አለ። ጥለቱ ለአንዱ ልጅ ብቻ ተለይቶ ሳይሰጥ በሁሉም ፊት ይቀመጣል፤ የፈለገ ላም፣ የፈለገ ጥለት ይሥላል። የሰውን ልጅ በእናቱ ትእዛዝና በራሱ ጉጉት መካከል አቁሞ ማስጨነቅ በስመ ጥበብ የሚፈጸም በደል ነው።

በምሽቱ ሥዕሎቹ ሁሉ በአንድ ገመድ ላይ፣ በልጆቹ ዓይን ትክክል በልብስ መቆንጠጫ ይሰቀላሉ። በኋላም እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ይዞ ይሄዳል። ድሬዳዋ ለምትኖረው አያት የሚላከው ወረቀት ጀርባ ላይ እናት ልጅቱ የተናገረችውን እንዳለ ትጽፍበታለች፦ «ጅራቷ ናት፤ ዝንቡን እያባረረች ነው።» አያት ስታነበው የልጅ ልጇን ድምፅ ትሰማለች።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃ ይሆናል። ልጅ የሣለው ግን ለራት አልተሠራም፤ ትልቁም ሰው እጁን ሰብስቦ ቢጠይቅ የሚዘገይበት ነገር የለም።